በግል ለሚሠራ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ መስመር ዕቅድ፦ ሽቦ ከመቁረጤ በፊት ተመልከቱልኝ

ጥያቄ፦ ክንፍ ገጣሚ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በግሌ የምሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አካሉ ተገጣጥሞ፣ ሞተሩም በቦታው ተሰቅሎ አሁን የኤሌክትሪክ መስመሩን ለመዘርጋት ተነሥቻለሁ። አንድም ሽቦ ከመቁረጤ በፊት ግን ዕቅዴን የተሻለ ልምድ ያላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ክንፉ ከተዘጋና የመሣሪያ ሰሌዳው ከታሰረ በኋላ አንድን ሽቦ መቀየር ምን ያህል እንደሚያደክም ከወዲሁ ይታየኛልና።

አካሉም ክንፉም ፋይበርግላስ ነው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ካርቡሬተር ሲሆን፣ ከሁለቱ የሻማ ማቀጣጠያዎች አንደኛው ማግኔቶ፣ ሁለተኛው ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ነው። የኃይል ምንጮቼ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር በውስጡ ያለ፣ 60 አምፔር የሚያመነጭ የመኪና ዲናሞ እና ባለ 12 ቮልት፣ 17 አምፔር-ሰዓት የሆነ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ናቸው። ባትሪውን የክብደት ሚዛኑን ለመጠበቅ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ላስቀምጠው አስቤያለሁ፤ ከዚያ እስከ ሞተሪኖው (ሞተሩን እስከሚያስነሣው ትንሽ ሞተር) ያለው ርቀት 3 ሜትር ገደማ ይሆናል።

በንድፌ መሠረት ኃይሉ ከባትሪው በዋናው ሬሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ወደ አንድ ማከፋፈያ ይመጣል። ከማከፋፈያው መብራቶቹ፣ የፒቶ ቱቦ (የአየር ፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያው፣ መጠባበቂያው የነዳጅ ፓምፕና ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑ ይመገባሉ። ሁለቱ የበረራ ስክሪኖች፣ የመገናኛ ሬዲዮው፣ ለራዳር ምላሽ የሚሰጠው ትራንስፖንደርና አውቶፓይለቱ ደግሞ ሞተር በሚነሣበት ጊዜ እንዳይጎዱ በአንድ ተጨማሪ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ያልፋሉ። ይህ አሠራር ደኅና ነው ወይ? የሽቦዎቹን ውፍረት በምን ልወስን? ፊውዝ ይሻላል ወይስ ብሬከር? የብረት አካል በሌለበት አውሮፕላን ላይ ማሳውስ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ) እንዴት ይደረጋል? በመጀመሪያ በቀን ብቻ ለመብረር፣ ቆይቼ ግን በሌሊትም ለመብረር አስባለሁ።

መልስ፦ የሽቦ ነገር

ሰላም ክንፍ ገጣሚ። ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ስለ ሽቦ ውፍረት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ንድፍዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ክፍል በተራ በጣትዎ እየሸፈኑ «ይህ ነገር በአየር ላይ ሳለሁ ቢሞት ምን ምን ይጠፋል? ምን ይተርፋል? ሞተሩስ ይሠራል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ዋናውን ሬሌ ይሸፍኑ፤ ከዚያ የመሣሪያዎቹን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያ ዲናሞውን፣ ከዚያ በባትሪው ጫፍ ላይ ያለውን አንዲት ብሎን። እኔ እንደማምነው የአውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሥርዓት የሚነደፈው በደኅናው ጊዜ ለሚሠራበት ሁኔታ ሳይሆን ለሚበላሽበት ቅጽበት ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

በእርስዎ ንድፍ ላይ ዋናው ሬሌ ሲሸፈን ሁለቱም ስክሪኖች፣ ሬዲዮውና ትራንስፖንደሩ ብቻ ሳይሆኑ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑም አብሮ ይጠፋል። ማግኔቶው የራሱን ኃይል ራሱ ስለሚያመነጭ ሞተሩ በእርሱ ብቻ ይቀጥላል፤ ይሁን እንጂ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መጠባበቂያም አይኖርዎትም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አብራሪ በጋቢናው ውስጥ የተቃጠለ ሽቦ ሲሸተው በቅድሚያ የሚያደርገው ነገር ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት መሆኑ ነው። ያ እርምጃ ሞተሩን ሊነካ አይገባም። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑ ከዋናው ሬሌ በፊት፣ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ፣ ከባትሪው አጠገብ በተቀመጠ በራሱ ፊውዝና በራሱ ማጥፊያ በኩል መመገብ አለበት። ወደፊት ማግኔቶውን አውጥተው ሁለቱንም ኤሌክትሮኒክ ቢያደርጓቸው፣ ወይም ሞተርዎ ያለ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ነዳጅ የማያገኝ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ባትሪና አንድ ዲናሞ አይበቃም እል ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ሁለት እርስ በርስ የማይነካኩ የኃይል መንገዶች ይፈልጋል።

የመሣሪያዎቹን የጋራ ማብሪያ ማጥፊያ በተመለከተ፣ አንዲት ርካሽ ዕቃ ተበላሽታ ሁሉንም መሣሪያ የምታጨልምበት ነጥብ ስለሆነች አልወዳትም። በምትኩ ሁለተኛ ማከፋፈያ ያዘጋጁ፤ በእርሱም ላይ ዲናሞው ቢሞት እስከሚያርፉ ድረስ የግድ የሚያስፈልጉዎትን ብቻ ያስቀምጡ፦ አንድ ስክሪን፣ ሬዲዮውንና ትራንስፖንደሩን። ይህ ማከፋፈያ በደኅናው ጊዜ ከዋናው ማከፋፈያ በዳዮድ በኩል ይመገባል፤ በችግር ጊዜ ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ በሚመጣ ሁለተኛ ሽቦና በሌላ ማብሪያ በኩል ይመገባል። ዳዮዱ ኃይል ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ዋናው ማከፋፈያ እንዳይፈስ ያግደዋል። ተራ የሲሊከን ዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ስለሚያስቀርና ያ ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ሙቀት በሚያስተላልፍ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ይሰሩት፤ የሾትኪ ዓይነቱ የሚያስቀረው ያነሰ ነው። በዚህ መንገድ ዲናሞው ሲሞት ሁለተኛውን ማብሪያ አብርተው ዋናውን ሬሌ ያጠፋሉ፤ ሬሌው ራሱ በርቶ ለመቆየት የሚበላው ወደ 0.8 አምፔር የሚጠጋ ኃይልም ይቆጠብልዎታል።

ይህ ሁሉ ትርጉም የሚኖረው የፍጆታ ሠንጠረዥ ሲሠሩ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ከአምራቹ በተሰጠው አምፔር ይጻፉት፤ ከዚያም ሞተር ሲነሣ፣ ከመሬት ሲነሡ፣ በቀን ጉዞ ላይ፣ በሌሊት ጉዞ ላይ እና ዲናሞው ሲሞት እያሉ በየዓምዱ ይደምሩ። የሁለት ስክሪን 3 አምፔር፣ የሬዲዮ መቀበያ ግማሽ፣ የትራንስፖንደር 1፣ የአውቶፓይለት 1.5፣ የኢግኒሽን 2፣ የሬሌው 0.8፣ የኤልኢዲ መብራቶች 2 ቢሆን ወደ 11 አምፔር ይመጣል። የፒቶ ማሞቂያ ብቻውን 8 ወይም 10 አምፔር ሊበላ ስለሚችል ሠንጠረዡን የሚያናውጠው እርሱ ነው። በአውሮፕላን ጥገና ሰዎች ዘንድ የሚሠራበት የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ፣ ኤሲ 43.13-1ቢ የሚባለው፣ ያለማቋረጥ የሚበላው ኃይል ከዲናሞው አቅም 80 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእርስዎ ዘንድ 48 አምፔር ማለት ነው፤ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብለው ነው ያሉት።

ትኩረት የሚሻው የመጨረሻው ዓምድ ነው። አንድ ስክሪን፣ ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደርና ኢግኒሽን ወደ 5 አምፔር ይበላሉ። 17ን ለ5 አካፍሎ ከሦስት ሰዓት በላይ አለኝ ማለት ግን አደገኛ ስሌት ነው፤ በባትሪው ላይ የተጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ የሚለካው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲራገፍ ነው፤ ባትሪውም ያረጃል፣ ይበርዳል፤ አደጋው በደረሰበት ሰዓትም ሙሉ ላይሆን ይችላል። እኔ ሁልጊዜ በግማሹ አቅም ነው የማቅደው፤ ያ ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይሰጥዎታል። በሚበሩበት ርቀት ውስጥ ማረፊያ ለማግኘት ይህ ይበቃ እንደሆነ ራስዎ ይፍረዱ፤ የሌሊቱንም ዓምድ ለብቻው ይዩት።

አሁን ስለ ዲናሞው። ሬጉሌተሩ በውስጡ ያለ የመኪና ዲናሞ በሁለት ምክንያት አያስደስተኝም። ሬጉሌተር ሲበላሽ አንዳንዴ ዲናሞውን አያቆመውም፤ ይልቁንም ያለ ልጓም ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ 14 ቮልት ገደማ መሆን የሚገባው ቮልቴጅ በቅጽበት ውስጥ ወደ ላይ ይተኮሳል። መሣሪያዎችዎን የሚያተርፈው ቮልቴጁ ከ16 ትንሽ ከፍ ሲል የዲናሞውን ፊልድ (መግነጢሱን የሚፈጥርለትን ጥቅል ሽቦ) የሚቆርጥ መቁረጫ ነው። በውስጡ ሬጉሌተር ያለው ዲናሞ ግን አንዴ መሥራት ከጀመረ በኋላ ከውጭ በሚመጣ ማጥፊያ ላይታዘዝ ይችላል፤ ስለዚህ ለመቁረጥ ዋናውን የውጤት ሽቦ በሬሌ ማቋረጥ ግድ ይሆናል። እየሠራ ያለን ዲናሞ ከባትሪው በድንገት መነጠል ደግሞ በራሱ የቮልቴጅ ንረት ስለሚፈጥር ደኅናውን ሬጉሌተር ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ ረገድ ሠሪዎች ብዙ ይከራከራሉ፤ የእኔ ምክር ግን ሬጉሌተሩ በውጭ የሆነ ዲናሞ ወስደው የፊልዱን ሽቦ በ5 አምፔር ብሬከርና በቮልቴጅ መቁረጫ በኩል እንዲያሳልፉ ነው። ፊልዱን ስንቆርጥ ዲናሞው በሰላም ይተኛል።

ወደ ሽቦው ልመለስ። በአሜሪካ የመጠን ስያሜ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። ውፍረቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሽቦው ሳይግል የሚሸከመው ኃይልና በርዝመቱ ምክንያት የሚጠፋው ቮልቴጅ። በትንሽ አውሮፕላን ላይ በረጅም መስመሮች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። ያው መመሪያ ለ14 ቮልት ሥርዓት ያለማቋረጥ ለሚሠራ ዕቃ 0.5 ቮልት፣ ለአጭር ጊዜ ለሚሠራ 1 ቮልት እንዲጠፋ ይፈቅዳል። የክንፉን የማረፊያ መብራት እንውሰድ፤ 4 አምፔር ይበላል፣ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። ክንፉ ፋይበርግላስ ስለሆነ መመለሻው ሌላ 5 ሜትር ሽቦ ነው፤ በጠቅላላው 10 ሜትር። ቁጥር 20 ሽቦ በሜትር ወደ 32 ሚሊኦም ስላለው 1.3 ቮልት ያጠፋል፤ አይሆንም። ቁጥር 18 ወደ 0.8 ቮልት ያጠፋል፤ መብራቱን ለማረፍ ብቻ የሚያበሩት ከሆነ ይበቃል። ለመታየት ብለው ሙሉውን በረራ የሚያበሩት ከሆነ ግን 0.4 ቮልት ወደሚያጠፋው ቁጥር 14 መውረድ ይኖርብዎታል።

የሞተሪኖው መስመር ከሁሉ ይከብዳል። 200 አምፔር ቢስብና መንገዱ ደርሶ መልስ 6 ሜትር ቢሆን፣ ቁጥር 4 ገመድ 1 ቮልት ያህል፣ ቁጥር 2 ደግሞ 0.6 ቮልት ያህል ያጠፋል። ባትሪው ራሱ በዚያ ሰዓት ስለሚወርድ ይህ ልዩነት በብርድ ጠዋት ይታያል፤ ስለዚህ ክብደቱን ታግሠው ቁጥር 2 ይጠቀሙ። ዋናውን ሬሌ ከባትሪው ጎን ያስቀምጡት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወፍራም ገመድ ምንም ፊውዝ የማይጠብቀውና በማጥፊያም የማይቋረጥ ገመድ ስለሆነ ከአንድ ስንዝር ባይበልጥ ይመረጣል።

መልስ፦ አንቴና

የሽቦ ነገር በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ማሳው ልጨምር።

በአሉሚኒየም አውሮፕላን ላይ አካሉ ራሱ መመለሻ መንገድ ስለሚሆን ሰው ስለ ማሳ ብዙም ሳያስብ ያልፋል። በፋይበርግላስ ላይ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መመለሻ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ክብደቱ ጥቂት ቢጨምርም በትክክል ከተሠራ የሬዲዮ ድምፅዎ ከብዙ የብረት አውሮፕላኖች የጠራ ይሆናል። ዘዴው ሁሉም መመለሻዎች በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። ከሞተሩና ከጋቢናው መካከል ባለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ ብዙ መሰኪያ ያለው የናስ ሰሌዳ ይሰሩ፤ የናሱ ብሎን ግድግዳውን አልፎ በሞተሩ በኩል በተጠለፈ የመዳብ ገመድ ከሞተሩ ብሎክ ጋር ይያያዝ፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚመጣውም ወፍራም ገመድ እዚያው ይድረስ። ያቺ የተጠለፈች ገመድ ከላላች ወይም ከተረሳች የሞተሪኖው ኃይል ሌላ መመለሻ ፍለጋ በጋዝ መቆጣጠሪያው የብረት ኬብል በኩል ያልፋል፤ ኬብሉም ግሎ ሊጣበቅ ይችላል።

ድምፅ የሚበላሸው ሁለት ዕቃዎች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማሳ ሲያገኙና በመካከላቸው የሌላ ዕቃ ኃይል ሲያልፍ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ ከፍ የሚለው የፉጨት ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ስለዚህ የማዳመጫና የማይክሮፎን ሶኬቶችን ከማንኛውም የብረት ሰሌዳ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቀለበት ይለዩዋቸው፤ መመለሻቸውም ወደ ኢንተርኮሙ እንጂ ወደ ሌላ ማሳ አይሂድ።

ወደ ክንፍ ጫፍ የሚሄዱትን የመብራት ሽቦዎች ሄያጁንና መላሹን አብረው ይግመዷቸው፤ እንዲህ ሲሆን በዙሪያቸው የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የአቅጣጫ መግነጢስ ዳሳሽዎ በክንፉ ውስጥ ከሆነ ይህ ወሳኝ ነው፤ መብራት በበራ ቁጥር አቅጣጫው በጥቂት ዲግሪ የሚዘል ስክሪን በሌሊት ማንም አይፈልግም።

ስለ አንቴናም አንድ ነገር ልበል። የመገናኛ ሬዲዮው የሚሠራው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ የሩብ ሞገድ ርዝመቱ ከ55 እስከ 64 ሴንቲሜትር ነው። ተራውን የጅራፍ አንቴና በፋይበርግላስ ላይ ዝም ብሎ መትከል አይሠራም፤ ከሥሩ ተመጣጣኝ ርዝመት ያላቸው የመዳብ ፕላስተር ጨረሮች በአራት አቅጣጫ ሊለጠፉለት ይገባል። ሌላው አማራጭ ሁለት ክንድ ያለውን አንቴና በቀጥተኛው የጭራ ክንፍ ውስጥ መለጠፍ ነው፤ ፋይበርግላስ ለሬዲዮ ሞገድ ግልጽ ነውና። በሚለጥፉበት ቦታ ካርቦን ፋይበር አለመኖሩን ግን ያረጋግጡ፤ ካርቦን ሞገዱን ይጋርደዋል።

መልስ፦ ባለ ማግኔቶ

ፊውዝና ብሬከር ስለሚለው ጥያቄ እስካሁን ያነሣ የለም፤ እኔ አለሁበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጽና፦ ፊውዝም ሆነ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ መጠኑ የሚመረጠው በዕቃው ፍጆታ ሳይሆን በሽቦው ውፍረት ነው። ለቁጥር 22 እስከ 5፣ ለቁጥር 20 እስከ 7.5፣ ለቁጥር 18 እስከ 10 አምፔር በሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የብቃት ማረጋገጫ ያላቸው የፋብሪካ አውሮፕላኖች ለዘመናት በብሬከር ሲሠሩ ስለኖሩ ብዙዎች ሰሌዳውን በብሬከር ረድፍ ይሞሉታል፤ እኔ ግን ለመኪና የሚሠራው ባለ ምላስ ፊውዝ ቀላል፣ ፈጣንና ጥቂት መገጣጠሚያ ያለው ስለሆነ ለአብዛኛው መስመር እመርጠዋለሁ። «በበረራ ላይ ብሬከሩ ቢዘል መልሼ እጫነዋለሁ» የሚለው መከራከሪያ አያሳምነኝም። በትክክል የተመጠነ ብሬከር የሚዘለው ሽቦው ከባድ ችግር ስለገጠመው ነው፤ ያንን ሽቦ ደግሞ በአየር ላይ እንደገና ኃይል መመገብ እሳት መጥራት ይሆናል። ያለ እርሱ ማረፍ የማይቻል ዕቃ ካለ መፍትሔው መጠባበቂያ መስጠት ነው። የዲናሞው ፊልድ ግን ልዩ ነው፤ የቮልቴጅ መቁረጫው ሆን ብሎ ሾርት እያደረገ የሚያዘልለው ስለሆነ እዚያ ላይ ብሬከር ያስፈልጋል።

ይህም ሆኖ ፊውዝም ብሬከርም ሁሉን አይመልስም። በ1998 መስከረም 2 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ከካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው የስዊስኤር በረራ 111 ላይ 229 ሰዎች አልቀዋል። የካናዳ መርማሪዎች እሳቱ ከኮክፒቱ በላይ ካለ የሽቦ ብልጭታ ተነሥቶ በቀላሉ የሚቀጣጠል የሽፋን ቁሳቁስ እንደያዘ፣ ብሬከሮቹም ሁሉንም ዓይነት ብልጭታ ሊከላከሉ እንደማይችሉ ጽፈዋል። የተላጠ ሽቦ እየነካ እየለቀቀ ሲረጭ አማካይ ፍሰቱ ብሬከሩን ላያሞቀው ይችላልና። በእኛ ትንንሽ አውሮፕላኖችም መከላከያው ያው ነው፤ ሽቦው እንዳይፋቅ ማድረግ።

ስለዚህ የሽቦውን ዓይነት አይሰስቱበት። በፒቪሲ የተለበጠ የመኪና ሽቦ ሲቃጠል መርዘኛ ጭስ ያወጣል፤ በተዘጋች ጋቢና ውስጥ ያ ጭስ ከእሳቱ ቀድሞ ይጎዳል። ቴፍዜል የሚባለው ልባስ ያለው፣ በቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ሽቦ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ ልባሱ ቀጭንና ጠንካራ ነው። በየማጠፊያው የጥቅሉን ስፋት 10 እጥፍ ያህል የመታጠፊያ ሬዲየስ ይስጡት፤ ጎማ በለበሰ ማቀፊያ ይያዙት፤ ከነዳጅ ቱቦ ጋር አብሮ መሄዱ ግድ ከሆነ ሽቦው ከቱቦው በላይ ይሁን፤ ቱቦው ቢያፈስ በሽቦው ላይ እንዳይንጠባጠብ።

መገጣጠሚያዎቹን በተመለከተ ተርሚናሉን የሚጨምቁበት መሣሪያ ጥርሱን ጨርሶ ካልጨበጠ የማይለቅ ዓይነት ይሁን፤ በተራ ፒንሳ መጨመቅ ጠላት ነው። ቁጥር 22 ሽቦ 19 ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ሲልጡት ሁለቱን ብትቆርጡ በዓይን ላያስታውቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከላጡ በኋላ በማጉያ መነጽር ያዩት። በመሣሪያዎቹ ሶኬት ውስጥ የሚገቡት ከድፍን ብረት ተቀርጸው የተሠሩ ፒኖች ከጎናቸው ጠባብ ቀዳዳ አላቸው፤ ከጨመቁ በኋላ በዚያች ቀዳዳ የክሮቹ ጫፍ ካልታየ ሽቦው እስከ መጨረሻው አልገባም፤ ቆርጠው ይድገሙት። አንድ ናሙና ለሁለት ሰንጥቀው ቢያዩት ክሮቹ ተለይተው የማይታዩ አንድ ድፍን ብረት ሆነው ይገኛሉ፤ ክፍተት ካዩ የጥርሱ መጠን ትክክል አይደለም። ብየዳ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እርሳሱ በክሮቹ መካከል ወደ ላይ ስለሚሳብ ከብየዳው ማብቂያ ላይ ሽቦው ይደርቃል፤ በንዝረትም የሚበጠሰው እዚያው ነው። ከበየዱ ያንን ቦታ በደንብ ይደግፉት።

ክንፍ ገጣሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኢግኒሽኑን ከባትሪው በቀጥታ ለመመገብ፣ የጋራውን ማብሪያ ማጥፊያ ትቼ ሁለተኛውን ማከፋፈያ ለመሥራትና ዲናሞውን በውጭ ሬጉሌተር ለመቀየር ወስኛለሁ። የናሱንም ሰሌዳ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ክብደት ለመቀነስ ባትሪውን በሊቲየም ብተካው ምን ትላላችሁ? ቀላል ከሆነ ከመቀመጫው ጀርባ ማስቀመጤ ቀርቶ በሞተሩ ክፍል ልሰቅለው እችል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሽቦዎቹ በእሳት መከላከያው ግድግዳ የሚያልፉበትን ቀዳዳ በጎማ ቀለበት ልዘጋው ነበር፤ ይበቃል ወይ?

መልስ፦ የሽቦ ነገር

ከሁለተኛው ልጀምር፤ አይበቃም። ያ ግድግዳ የሚፈተነው ወደ 1,093 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ነበልባል ለ15 ደቂቃ እንዲችል ነው። ጎማው ወዲያው ያልቃል፤ አሉሚኒየም እንኳ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የማይዝግ ብረት ማለፊያ ይግጠሙ፤ ሽቦዎቹን በእሳት መከላከያ እጅጌ ያልብሱ፤ የቀረውን ክፍተት ሲሞቅ በሚያብጥ ማሸጊያ ይሙሉት።

ሊቲየምን በተመለከተ፣ ለአውሮፕላን የሚታሰበው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ዓይነቱ ነው፤ አራት ሴሎች ተደርድረው 13 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ክብደቱም ከእርሳሱ እጅግ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ይመዝኑ። ባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተር ከተነሣ በኋላ ዲናሞው የሚችለውን ሁሉ ይስባል፤ ዲናሞው በዚያ ሰዓት ይግላልና ማቀዝቀዣ አየር ያዘጋጁለት። ሴሎቹን የሚጠብቀው የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ችግር ሲያይ ባትሪውን ከመስመሩ ሊነጥለው ይችላል፤ ኢግኒሽንዎ የተንጠለጠለው በዚያ ባትሪ ላይ ስለሆነ አምራቹ በምን ሁኔታ እንደሚነጥል በጽሑፍ ይጠይቁት። ሦስተኛው የቮልቴጅ መቁረጫው ነው፤ በእርሳስ ባትሪ ላይ መልካም የነበረው እዚህ ላይ ግዴታ ይሆናል። በሞተር ክፍል ያለው ሙቀት ለሊቲየም ጠላት ስለሆነ እዚያ መስቀሉን አልመክርም። በእኔ ግምት ለመጀመሪያው አውሮፕላንዎ የእርሳሱን ባትሪ ካሰቡበት ቦታ ባይነቅሉት ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅም መሣሪያዎቹን ሰክተው ኃይል አይልቀቁ። ሁሉም ሶኬት ተነቅሎ ሳለ፣ በባትሪው ፈንታ ፍሰቱ በ2 ወይም በ3 አምፔር ሊገደብ የሚችል የኃይል ምንጭ ያገናኙ። አንድ ፊውዝ በአንድ ጊዜ እያስገቡ በሶኬቱ ፒን ላይ ትክክለኛው ቮልቴጅ በትክክለኛው ቦታ መድረሱን፣ በሌሎቹ ፒኖች ላይም አለመኖሩን ይለኩ። ከዚያ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይሰኩ፤ የእያንዳንዱንም ፍጆታ እየለኩ በሠንጠረዥዎ ላይ በግምት ያስቀመጡትን ቁጥር ይተኩት። ሁሉም ሲያልቅ መሬት ላይ ሆነው ዋናውን ሬሌ ያጥፉ፤ ባትሪው ያለ ዲናሞ ሁለተኛውን ማከፋፈያና ኢግኒሽኑን 11 ቮልት እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚሸከም በሰዓት ይያዙ። ይህን ልኬት በየዓመቱ ይድገሙት፤ ባትሪው የሚለወጠውም በዚህ ቁጥር እንጂ ሞተር ማስነሣት እስኪያቅተው ተጠብቆ አይደለም።

መልስ፦ ባለ ማግኔቶ

ከመጀመሪያው የሞተር ማስነሣት በፊት አንዲት ነገር ልጨምር። ማግኔቶ የሚጠፋው ማጥፊያ ሽቦው ማሳ ሲነካ ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ቢላላ ማጥፊያው «ዝግ» ላይ ሆኖም ማግኔቶው ሕያው ነው፤ ፕሮፔለሩን በእጅ የሚያዞር ሰው ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል። ስለዚህ ይህ ሽቦ ባለ መረብ ልባስ ይሁን፤ መረቡም በሞተሩ በኩል ከማግኔቶው አካል ጋር ይያያዝ። ሞተሩን በሚፈትኑበት ቀን በዝቅተኛ ዙር ላይ ሆነው ሁለቱንም ማቀጣጠያዎች ለአንድ አፍታ ዘግተው ሞተሩ መሞት መጀመሩን ይመልከቱ። መሥራቱን ከቀጠለ ነዳጁን ዘግተው ያጥፉት፤ ሽቦው እስኪገኝና እስኪጠገን ድረስም ማንም ወደ ፕሮፔለሩ እንዳይጠጋ ያድርጉ።